መንግሥት የኦንላይን ክፍያና የቢል ሥርዓት ሲገዛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው የውኃ፣ የመብራት፣ የማዘጋጃ ቤትና የመሳሰሉትን አገልግሎቶች ክፍያ በኦንላይን ለመሰብሰብ ሥርዓት ሊገዙ ለሚያስቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በዚህ ዓይነቱ ጨረታ ለመወዳደር ለሚፈልጉ ድርጅቶች፣ እንዲሁም የከፈሉት ገንዘብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ ለሚሹ ነዋሪዎች ነው። ጥያቄዎቹ በጨረታ ሰነድ ዝግጅትና በግምገማ ሥራ ላይ ሳለሁ ደጋግመው የቀረቡልኝ ናቸው። የተቀመጡት በአስፈላጊነታቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በሚነሡበት ተራ ነው።

የሚገዛው በትክክል ምንድን ነው?

በጨረታ ሰነዶች ላይ «የተቀናጀ ዲጂታል የክፍያ ሥርዓት» የሚል አንድ መስመር ማስፈር የተለመደ ነው፤ ይህ መስመር ግን ባሕርያቸው የማይመሳሰል ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። የመጀመሪያው የቢል ሥርዓቱ ነው፤ የቆጣሪ ንባብን ተቀብሎ በታሪፉ መሠረት ሂሳብ ያሰላል፣ ውዝፍና ቅጣት ይደምራል፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛም ቢል ያወጣል። ሁለተኛው ክፍያው የሚያልፍበት መስመር ነው፤ ከፋዩ ከባንክ ሂሳቡ፣ ከሞባይል ገንዘቡ ወይም ከካርዱ የሚያወጣውን ብር ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂሳብ ያደርሳል። ሦስተኛው እንዲከፈል የተጠየቀውን፣ ተከፈለ የተባለውንና ባንክ የገባውን ገንዘብ እርስ በርስ የሚያስታርቀው ክፍል ነው።

የመጀመሪያው ሶፍትዌር ስለሆነ ሊገዛና የራስ ሊደረግ ይችላል። ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ፈቃድ ያለው ድርጅት በየዕለቱ የሚሰጠው አገልግሎት እንጂ ተገዝቶ ሰርቨር ላይ የሚጫን ዕቃ አይደለም። ሁለቱ ሳይለዩ በአንድ ሎት፣ ማለትም እንደ አንድ የጨረታ ክፍል፣ ሲወጡ፣ ቢል መሥራት የሚችል ነገር ግን ገንዘብ ለማስተላለፍ ፈቃድ የሌለው የሶፍትዌር ድርጅትና ፈቃድ ያለው ነገር ግን ስለ ታሪፍና ስለ ቆጣሪ ምንም የማያውቅ የክፍያ ድርጅት ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ገምጋሚው ኮሚቴም የማይወዳደሩ ነገሮችን ለማወዳደር ይገደዳል። ሦስተኛው ደግሞ በሰነዱ ውስጥ ሁለት መስመር እንኳ ሳያገኝ ይቀራል። የመንግሥት ገንዘብ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ግን እዚያ ስለሆነ፣ በዚህ ገጽ ላይ ከሁሉም በላይ የምቆየው በእሱ ጉዳይ ነው።

ቴሌብር፣ የባንኮች መተግበሪያዎችና ደራሽ እያሉ አዲስ ሥርዓት መግዛት ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የተባሉት ማዕከላት በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምሩ፣ የመብራት፣ የውኃና የስልክ ቢል ለመክፈል በየመሥሪያ ቤቱ ይሰለፍ የነበረው ነዋሪ ሁሉንም በአንድ መስኮት እንዲከፍል አስችለውት ነበር፤ ማዕከላቱን ያንቀሳቅስ የነበረው ክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ የተባለ የግል ድርጅት ከመንግሥት ጋር በገባው ውል ነበር የሚሠራው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከመስኮት ወደ ስልክ ተሻግሯል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ያለማው ደራሽ ቢል አውጪ መሥሪያ ቤቶችን ከባንኮች ጋር የሚያገናኝ መድረክ ሆነ፤ ኤምፔሳ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ገባ፤ እንደ ቻፓና አሪፍፔይ ያሉ ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያገኙ ድርጅቶችም ተጨመሩ።

ስለዚህ አንድ የከተማ ውኃ አገልግሎት የራሱን የክፍያ መስመር ለማስገንባት ጨረታ ሲያወጣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንበት እሰጋለሁ። የእንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት እውነተኛ ችግር ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው፤ የደንበኞቹ መዝገብ አልጠራም፣ አንድ ቆጣሪ በሁለት ስም ተመዝግቧል፣ የሞተ ሰው ስም አልተለወጠም፣ ውዝፉ በወረቀት ላይ ነው። መዝገቡን አጥርቶ፣ ማንኛውም ፈቃድ ያለው የክፍያ ድርጅት በእኩል ሁኔታ የሚገናኝበት አንድ ኤፒአይ (ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ የሚለዋወጡበት በር) ያለው የቢል ሥርዓት መግዛት ይበቃዋል። በብሪታንያም መንግሥቱ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ጎቭ ዩኬ ፔይ» የተባለውን አንድ የጋራ የክፍያ አገልግሎት በራሱ የዲጂታል መሥሪያ ቤት አሠርቶ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ክፍት ያደረገው፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለብቻው እየገዛ ያንኑ ወጪ ደጋግሞ እንዳያወጣ ነው።

ግዥው የሚመራው በየትኛው ሕግ ነው?

በፌዴራል ደረጃ ቀድሞ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 649/2001 የተካው የፌዴራል መንግሥት ግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይገዛዋል፤ ጨረታውም በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት በኩል ይካሄዳል። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው፤ በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚፈጸም ግዥ ደግሞ የባንኩን የግዥ ደንብ ይከተላል።

ነገር ግን የግዥ ሕጉ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ክፍያ ማስተላለፍ በብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003፣ ይህንኑ ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1282/2015 እና ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው የፈቃድ መመሪያዎች የሚመራ ሥራ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ደረሰኙና ስለ ከፋዩ መረጃ ይመለከታሉ። አንድ ተጫራች ንግድ ፈቃዱ የታደሰ፣ ግብሩን የከፈለና በአቅራቢነት የተመዘገበ ሆኖ ሳለ ክፍያ ለማስተላለፍ ሕጋዊ ሥልጣን ላይኖረው ይችላል። ለዚህም ነው የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ነጥብ የሚሰጥበት መመዘኛ ሳይሆን የሌለው ተጫራች የሚወድቅበት ቅድመ ሁኔታ መሆን ያለበት። ፈቃዱም ለተጠየቀው ሥራ የተሰጠ መሆኑ ይጣራ፤ የክፍያ መሣሪያ ለማውጣት የተሰጠ ፈቃድና የክፍያ ሥርዓት ለማንቀሳቀስ የተሰጠ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው።

ከግዥ ዘዴዎች የትኛው ይስማማዋል?

መነሻው ግልጽ ጨረታ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገውን አሠራር ያውቀዋል፣ ነገር ግን በቴክኒክ ዝርዝር አስቀድሞ ሊወስነው አልቻለም ከተባለ ባለሁለት ደረጃ ጨረታ ለዚሁ የተፈጠረ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ተጫራቾች ዋጋ የሌለበት የቴክኒክ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ከእነሱ ጋር ተወያይቶ ዝርዝሩን ያስተካክላል፣ በሁለተኛው ደረጃ ሁሉም በተስተካከለው ዝርዝር ላይ ዋጋ ይሰጣሉ። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የአንድን ድርጅት ምርት መግለጫ ገልብጦ የራስ የቴክኒክ ዝርዝር አስመስሎ ከማውጣት ያድናል።

ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት በዚህ ዘርፍ በጣም ይዘወተራል፤ «ሌላ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ስለሆነ» የሚል ምክንያትም ይሰጠዋል። ሌላ መሥሪያ ቤት መጠቀሙ ብቻውን ሌላ አቅራቢ አለመኖሩን አያስረዳም። ክፍያ ማስተላለፍን በሚመለከት ደግሞ አንድ አሸናፊ መምረጥ ራሱ አስፈላጊ ላይሆን ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታውን ላሟሉ ድርጅቶች ሁሉ በአንድ ዓይነት ውልና በአንድ ዓይነት ታሪፍ በሩን መክፈት ከፋዩን በሚመቸው መንገድ እንዲከፍል ያስችለዋል፤ አንዱ መስመር ሲቋረጥም ሌላው ይቀራል።

ገንዘቡ መጀመሪያ የሚያርፈው በማን ሂሳብ ነው?

በመንግሥት ሂሳብ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ መደራደር አይገባም። የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 የመንግሥት ገቢ ወደ ተጠቃለለ ፈንድ፣ ማለትም ወደ መንግሥት የጋራ ቋት፣ እንዲገባ ያዛል። አንዳንድ አቅራቢዎች የሚያቀርቡት አሠራር ግን ከፋዩ የከፈለው በመጀመሪያ በእነሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ተጠራቅሞ፣ ኮሚሽናቸው ተቀንሶለት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚተላለፍበት ነው። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ድርጅቱ ቢከስር ወይም ሂሳቡ በክስ ቢታገድ የመንግሥት ገንዘብ ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር ተራ መጠበቅ ይኖርበታል። ኮሚሽኑ ከምንጩ ሲቀነስ ደግሞ በመዝገብ ላይ የሚታየው ገቢ ከፋዩ ከከፈለው ያንሳል፤ ወጪውም በበጀት ሳይጸድቅ ተከፍሏል ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር ሙሉው ገንዘብ ወደ መንግሥት ሂሳብ ገብቶ፣ የአገልግሎት ክፍያው በደረሰኝ ተጠይቆ እንደ ማንኛውም ወጪ የሚከፈልበት ነው። አሠራሩ የግድ በመካከል ማቆያ የሚፈልግ ከሆነም ከአንድ የሥራ ቀን እንዳይበልጥና ማቆያው ከድርጅቱ የራሱ ገንዘብ የተለየ ሂሳብ እንዲሆን በውሉ ይጻፍ።

የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ ለዚህ ያስተምራል። ኢሲቲዝን የተባለው የአገልግሎት መድረክ ብዙ የመንግሥት አገልግሎቶችን ለዜጎች ቢያቀርብም፣ የሥርዓቱ ባለቤት ማን እንደሆነና በየአገልግሎቱ ላይ የሚጨመረው 50 ሽልንግ የት እንደሚገባ ለዓመታት አከራክሯል። በ2023 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በየራሳቸው መቀበያ ቁጥር መሰብሰባቸውን ትተው 222222 በተባለ አንድ ቁጥር እንዲቀበሉ ቢያዝም፣ ክርክሩ አልቆመም። መድረኩ ለዜጋው ብዙ ጠቅሟል፤ የባለቤትነትና የገንዘብ ማረፊያ ጥያቄ ግን ውል ሲፈረም ካልተቋጨ በኋላ ለመቋጨት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አሳይቷል።

ኮሚሽኑ በመቶኛ ይሁን ወይስ በቁርጥ?

ለመንግሥት ክፍያ ቁርጥ ዋጋ ከጣሪያ ጋር ይሻላል። የ200 ብር የውኃ ቢል ማስተላለፍና የ200,000 ብር የሊዝ ክፍያ ማስተላለፍ ለሥርዓቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ በ1 በመቶ ስሌት ግን የመጀመሪያው 2 ብር፣ ሁለተኛው 2,000 ብር ይሆናል። በአንጻሩ ቁርጡ ከፍ ሲል ሸክሙ በትንሹ ከፋይ ላይ ይወድቃል፤ 40 ብር ቢል ያለባቸው አንዲት እናት 3 ብር ሲጨመርባቸው የከፈሉት ተጨማሪ 7.5 በመቶ ነው። እኔ የማምነው አስፈላጊ የሆነውን አገልግሎት ለመክፈል የሚያስፈልገውን ወጪ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲሸፍን ነው፤ ቀድሞም ቢሆን የመስኮቱን፣ የገንዘብ ያዡንና የደረሰኝ ጥራዙን ወጪ ሲሸፍን የኖረው እሱ ነው።

ዋጋ ሲወዳደር የመጫኛ ዋጋው ብቻ እንዳይታይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። 100,000 ደንበኞች ያሉት አገልግሎት በየወሩ ለእያንዳንዱ ክፍያ 2 ብር ቢከፍል በዓመት 2.4 ሚሊዮን፣ በአምስት ዓመት 12 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሶፍትዌሩን «በነጻ» የሚያቀርብ ተጫራች የሚጠብቀው ይህንን ነው፤ ስለሆነም የዋጋ ማወዳደሪያው የውሉን ዘመን ሙሉ ወጪ የሚደምር መሆን አለበት።

ማስታረቅ ሲባል ምን ማለት ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይከብዳል?

በጥሬ ገንዘብ ዘመን ገንዘብ ያዡ ማታ ብሩን ይቆጥራል፣ ከደረሰኝ ጥራዙ ቀሪ ጋር ያመሳክራል፣ ባንክ ያስገባና የገቢ ወረቀቱን ከሰነዱ ጋር ያያይዛል። ጉድለት ቢገኝ የሚፈለገው በአንድ መስኮትና በአንድ ቀን ውስጥ ነው። በኦንላይን ክፍያ ግን ሦስት መዝገቦች አሉ፤ የመሥሪያ ቤቱ የቢል መዝገብ፣ የክፍያ ድርጅቱ መዝገብና የባንኩ መግለጫ። ሦስቱ በሦስት ሰርቨር ላይ፣ በሦስት ድርጅት እጅ ያሉ ናቸው፤ እርስ በርስ የሚገናኙትም በሚቆራረጥ ኔትወርክ ነው።

አንዲት ደንበኛ ሌሊት 5 ሰዓት ከ58 ላይ 412 ብር ከፈለች እንበል። ገንዘቡ ከሂሳቧ ወጣ፤ የክፍያ ድርጅቱ መዘገበው፤ ለመሥሪያ ቤቱ የላከው ማሳወቂያ ግን ኔትወርክ በመቋረጡ አልደረሰም። ባንኩ በማግስቱ የቀኑን ክፍያዎች ሁሉ በአንድ መስመር ጠቅልሎ ገቢ ያደርጋል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት መግለጫውን ስትከፍት የምታየው አንድ ትልቅ ቁጥር ነው፤ የደንበኛዋ 412 ብር በውስጡ ይኑር አይኑር ከቁጥሩ ማወቅ አትችልም። የቢል መዝገቡ ደግሞ ደንበኛዋን «ያልከፈለች» ይላል፣ ወሩ ሲያልቅ ቅጣት ይጨምርባታል፣ ከዚያም ቆጣሪዋ እንዲቆረጥ ትእዛዝ ይወጣል። እዚህ ውስጥ አንድም ሌባ የለም፤ ነገር ግን እንዲህ ዓይነት ያልታረቁ ክፍያዎች በወራት ሲከማቹ፣ ሌባ ቢመጣ የሚደበቅበት ጫካ ይሆናሉ።

ሥርዓቱ ከዚህ እንዲያድን በቴክኒክ ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዱ ቢል ዳግም ጥቅም ላይ የማይውል አንድ መለያ ቁጥር ይሰጥ፤ ይህ ቁጥር ከከፋዩ ስልክ ተነሥቶ በክፍያ ድርጅቱ በኩል እስከ ባንኩ ዝርዝር ድረስ ሳይለወጥ ይጓዝ። አንድ ማሳወቂያ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደርስ ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዝገብ፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ድርጅቶች ማሳወቂያን መደጋገማቸው የታወቀ ነውና። ማሳወቂያው ካልደረሰ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ዝም ብሎ መጠበቁን ትቶ ራሱ ይጠይቅ። በየቀኑ የክፍያዎችን ብዛትና ድምር የያዘ ዝርዝር ይምጣ፤ ድምሩም ባንክ ከገባው ጋር እስከ ሳንቲም ድረስ ይግጠም። ያልገጠመው ሁሉ በእንጥልጥል ሂሳብ ተመዝግቦ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተንጠለጠለና ማን ሊፈታው እንደሚገባ ይታይ። የደንበኛ ቁጥርም የመጨረሻ አሃዙ ከሌሎቹ የሚሰላ ማረጋገጫ አሃዝ ይኑረው፤ ከፋዩ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ሥርዓቱ ወዲያው ይመልሰዋል እንጂ ገንዘቡ ወደ ጎረቤቱ ቆጣሪ አይሄድም።

በግምገማ ወቅት ይህን ለማረጋገጥ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ የሚከተለው ይመስለኛል። መሥሪያ ቤቱ 1,000 ክፍያዎች ያሉባቸው ሦስት የናሙና መዝገቦች ያዘጋጅ፤ በውስጣቸው የሚያውቃቸውን ስሕተቶች ይደብቅ፤ ሁለቴ የተመዘገበ፣ ባንክ ያልገባ፣ በጎደለ መጠን የተከፈለ፣ በሌላ ደንበኛ ቁጥር የገባ፣ ተመላሽ የተደረገ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጫራች ያንኑ ናሙና በአንድ ዓይነት ሰዓት ገደብ ሰጥቶ በኮሚቴው ፊት እንዲያስታርቅ ይጠይቅ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ይህ ፈተና አንድ ሺህ ገጽ የቴክኒክ ሰነድ የማይነግረውን ይነግራል። እርግጥ ነው፣ ፈተናው እንደሚሰጥና ነጥቡ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ላይ መገለጽ አለበት።

የዘመን አቆጣጠራችንና ስማችን ችግር ይፈጥራሉ?

ካልተጠየቀበት በእርግጥ ይፈጥራል። ከውጭ የሚመጣ የቢል ሶፍትዌር 12 ወር ነው የሚያውቀው፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትቆጠር ወይስ ለብቻዋ፣ በሰነዱ ላይ ካልተወሰነ የሚወስነው ፕሮግራም ጸሐፊው ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜ 6 ቀን ነበረች፤ በ2019 ዓ.ም.ም ትሆናለች፤ የቅጣት ቀንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚለውጥ ሥርዓት ይህን መዝለሉን ወይም አለመዝለሉን መፈተን ይገባል። የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በዚያ ሌሊት ከ6 ሰዓት በፊትና በኋላ የተከፈለው በየትኛው ዓመት ገቢ እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ይወሰን፤ የባንኮች ሥርዓት ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ግን ሰዓቱን ከንጋት 12 ጀምሮ ይቆጥራል።

ስምን በተመለከተ፣ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን ያለበት ቅጽ ለእኛ አይሠራም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፍለጋውም ጸሐይን በጸ፣ በፀ፣ በሐ ወይም በሀ የጻፈውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማግኘት አለበት። ይህ እንደ ጥቃቅን ነገር ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ደንበኛ ሁለት መዝገብ የሚወጣለት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ደኅንነትና መቆራረጥስ?

የካርድ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ከፋዩ ካርዱን የሚያስገባው በክፍያ ድርጅቱ ገጽ ላይ ይሁን፣ ድርጅቱም ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለውን የካርድ ደኅንነት መስፈርት ማሟላቱን ያስረዳ። ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ይፈተሽ፤ የፍተሻው ግኝቶች ሳይታረሙም የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

አደጋ ግን ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። በመጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበራቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በዚህ መንገድ መውጣቱን ሲያሳውቅ፣ ምክንያቱም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓት ጥገና ወቅት የተፈጠረ ስሕተት መሆኑ ተገልጿል። ስለዚህ ውሉ ማሻሻያ በመጀመሪያ በተለየ የሙከራ ሥፍራ እንዲፈተን፣ ወደ ዋናው ሲገባም ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ እንዲኖር ያስገድድ።

መቆራረጥን በሚመለከት፣ የነዳጅ ግብይት በ2015 ዓ.ም. በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ሲወሰን ሁላችንም እንዳየነው፣ ጥሬ ገንዘብ በማይቀበል ቦታ የኔትወርክ መጥፋት የአገልግሎቱ መቆም ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ ሁለት የክፍያ መስመሮች ይኑሩት፤ መቋረጡ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በአቅራቢው በኩል በተፈጠረባቸው ቀናትም የከፋዩ ቅጣት በራሱ ይቁም።

ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ቢሰጥ ምን ችግር አለው?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ዓመታዊ የሶፍትዌር ፈቃድ ወይም የክላውድ ኪራይ በዶላር የተዋዋለ መሥሪያ ቤት የብር በጀቱ ሳይለወጥ ወጪው በእጥፍ ገደማ ጨመረበት። ከውጭ የሚመጣው ክፍል ከአገር ውስጡ ተለይቶ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ይታይ፤ ፈቃዱ በጊዜ ባይታደስ ሥርዓቱ እንዳይዘጋና ቢያንስ መዝገቡ እንዲነበብ የሚያስችል አንቀጽም ይጨመር።

ውሉ ሲያልቅ መዝገቡና ሶርስ ኮዱ የማን ናቸው?

መዝገቡ ያለ ምንም ክርክር የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የተሠራበት የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ግን በውሉ እንደተጻፈው ነው፤ ካልተጻፈ መሥሪያ ቤቱ የሚኖረው የመጠቀም መብት ብቻ እንደሆነ ይገመት። ለመሥሪያ ቤቱ ተብሎ የተሠራው ክፍል ከነሰነዱ እንዲረከብ፣ አቅራቢው ቀድሞ የሠራው ምርት ከሆነ ደግሞ ኮዱ በሦስተኛ ወገን እጅ ተቀምጦ ድርጅቱ ሲዘጋ እንዲለቀቅ መስማማት ይቻላል። አንድ ጊዜ የተመለከትኩት ውል የርክክብ ነገርን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያነሣው፤ ውሉ ሲያበቃ አቅራቢው የዓመታት የክፍያ ታሪክን በተቃኙ የወረቀት ምስሎች አስረከበ፣ ሠራተኞችም ለወራት ቁጥር በእጅ ሲያስገቡ ከረሙ። መዝገቡ በምን ዓይነት ፋይል፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ከነማን ጋር ተፈትሾ እንደሚረከብ ውሉ ሲፈረም ይጻፍ፤ በየስድስት ወሩም ሙሉ ቅጂው ተወስዶ በሌላ ሰርቨር ላይ መነበቡ ይረጋገጥ። ይህ ልማድ ካለ አቅራቢን መቀየር ይቻላል፤ ከሌለ በውል እድሳት ጊዜ ዋጋውን የሚወስነው አቅራቢው ብቻ ነው።

አዲስ የአገር ውስጥ ድርጅት መወዳደር ይችላል?

ፈቃዱ ካለው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስወጣው ግን የልምድ መመዘኛው ነው። «ተመሳሳይ አምስት ሥራዎችን ለመንግሥት የሠራ» የሚል መስፈርት፣ ዘርፉ ራሱ አዲስ በሆነበት አገር አንድ ወይም ሁለት ድርጅቶችን ብቻ ያስቀራል። ከላይ የገለጽኩት የተግባር ፈተና የልምድ ወረቀትን በከፊል ሊተካ ይችላል። መስፈርቱ አግላይ ነው ብሎ የሚያምን ተጫራች ጨረታው ሳይከፈት ማብራሪያ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በውጤቱ ቅር ከተሰኘ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለአቤቱታ አጣሪው ቦርድ ማመልከት ይችላል። የጊዜ ገደቡ በቀናት የሚቆጠር አጭር ስለሆነ፣ ውጤቱ የተገለጸበትን ደብዳቤ ቀን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል።

ከፍዬ ሳለ «አልከፈሉም» ብባል ወይም ሁለት ጊዜ ከሂሳቤ ቢቆረጥ ምን ላድርግ?

በስልክዎ የደረሰዎትን መልእክት አይሰርዙ፤ ዋናው ነገር በላዩ ያለው የግብይት ቁጥር ነው እንጂ ስምዎ ወይም የከፈሉት መጠን አይደለም። መጀመሪያ ቢሉን ወዳወጣው መሥሪያ ቤት ይሂዱ፤ የክፍያ ድርጅቱ ገንዘቡን ማስተላለፉን ሊያረጋግጥልዎ ይችላል፣ ውዝፍዎን ከመዝገብ ማንሣት የሚችለው ግን መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ማመልከቻዎን በጽሑፍ አስገብተው የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ከሆነ ተመላሽ እንዲደረግ ወይም ለሚቀጥለው ወር ቢል እንዲያዝ መጠየቅ ይችላሉ፤ ምርጫው የእርስዎ መሆን አለበት። ውል የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም ለእንዲህ ዓይነቱ አቤቱታ የምላሽ ቀን በውሉ ላይ ይወስኑ፤ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅም የደንበኛው ቆጣሪ አይቆረጥ።